ሠዓሊ እና ሰአሊ

ከካዛንቺስ ቁልቁል ወደ መስቀል አደባባይ የሚወርድ እግረኛ በአንድ ወገን የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥትን፣ በሌላው ወገን የአፍሪካ አዳራሽን አልፎ ብዙም ሳይርቅ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል። መንገዱ አጭር ነው፤ ሁሉም የሚገኘው በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። አዳራሹ የአንድ ታላቅ ሠዓሊ ሥራ ይዟል። በቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ውዳሴ ማርያም ሲደረስ «ሰአሊ» የሚለው ጥሪ ይደጋገማል። ሁለቱን ቃላት የአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ አይለያቸውም። ወረቀት ላይ ግን ከሦስቱ ፊደላት ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ ትርጉማቸውም ከነጭራሹ አይገናኝም።

የመጀመሪያው ቃል ባለሙያውን ይጠራል። የአፍሪካ አዳራሽ በጣሊያናዊው አርክቴክት በአርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመው በዚሁ አዳራሽ ነው። ወደ ውስጥ ዘልቆ ቀና ያለ ሰው 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን፣ በሦስት የተከፈለ ባለቀለም መስታወት ያያል። አንዱ ክፍል የአህጉሩን ያለፈ መከራ፣ ሌላው የዘመኑን ተጋድሎ፣ ሦስተኛው የወደፊቱን ተስፋ ያሳያል። ይህን የሠሩት አፈወርቅ ተክሌ ናቸው፤ አንኮበር ተወልደው፣ የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ አገር ተልከው፣ እዚያ ሥነ ጥበብን መርጠው የተመለሱት። ብዙ ማዕረግ አግኝተዋል፤ የሁሉም መሠረት ግን «ሠዓሊ» የሚለው የሙያ ስም ነው። ሥሩ የግእዙ ሠዐለ ነው፤ ሥዕል ሣለ ማለት ነው።

ሁለተኛው ቃል ልመና ነው። «ሰአሊ» በግእዝ ለአንዲት ሴት የሚቀርብ ቃል ሲሆን «ለምኚ» ማለት ነው፤ ምእመናን እመቤታችንን አማልጂን ሲሉ ይጠሩበታል። ሥሩ ሰአለ ነው፤ ለመነ፣ ጠየቀ ማለት ነው።

የቆሎ ተማሪ እነዚህን ፊደላት በድምፅ መለየት ስለማይችል በስማቸው ይለያቸዋል። ሠ «ንጉሡ ሠ» ይባላል፣ ንጉሥ የሚለው ቃል በእሱ ስለሚጻፍ። ሰ «እሳቱ ሰ» ነው። አ «አልፋው አ»፣ ዐ «ዐይኑ ዐ» ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ ደግሞ በተራ «ሃሌታው»፣ «ሐመሩ» እና «ብዙኃኑ» ተብለው ይጠራሉ፤ ጸ «ጸሎቱ»፣ ፀ «ፀሐዩ» ነው። እንግዲህ ሠዓሊ በንጉሡ ሠ እና በዐይኑ ዓ፣ ሰአሊ በእሳቱ ሰ እና በአልፋው አ ይጻፋሉ ማለት ነው። እነዚህ በድምፅ አንድ፣ በመልክ ልዩ የሆኑ ፊደላት በአማርኛ «ሞክሼ» የሚባሉት ስም የሚጋሩ ሰዎች ሞክሼ ስለሚባባሉ ነው።

ነገሩ በሁለት ቃላት ብቻ ቢያበቃ ምዕራፍ ባላስፈለገው። ግእዝ ከእነዚሁ ድምፆች ሌሎች ሁለት ግሶችም ነበሩት፤ ሰዐለ አለ፣ በእሳቱ ሰ እና በዐይኑ ዐ፣ ሳል ሳለ ማለት ነው። ሰሐለም አለ፣ በሐመሩ ሐ፣ ብረት ሳለ፣ ስል አደረገ ማለት ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነገሥታትን ያነገሡና የሻሩት የትግራዩ ራስ ሚካኤል «ስሑል» የተባሉት በዚህ ግስ ነው። ስለታም አእምሮ ነበራቸው።

አማርኛ አራቱንም ግሶች ወረሰ። የጉሮሮ ድምፆቹ ግን በመንገድ ላይ ወደቁ፤ ዐ፣ አ እና ሐ ከመካከል ሲጠፉ አራቱም «ሳለ» ሆነው ቀሩ። ልጁ ሥዕል ሣለ። አዛውንቱ ሌሊቱን ሲስሉ አደሩ። ሥጋ ሻጩ ቢላዋ ሳለ። እናቲቱ ለገብርኤል ተሳለች። ስሞቹም እንዲሁ ተቀላቅለዋል። የቢላዋ አፍ «ስለት» ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን የሚገባው ቃል ኪዳንም «ስለት» ነው። «ስእለት» ብሎ የሚጽፍ ሰው አልፋውን አስቀርቶ ሥሩን ያሳያል፤ «ስለት» ብሎ የሚጽፍ ደግሞ የሚናገረውን ይጽፋል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚያገለግሉት ግን ለተለያየ አንባቢ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ሁለቱ ቃላት በአንድ ሸራ የሚገናኙበት ጊዜ አለ። ክፍለ ከተማው ስሙን ያገኘበትን የቅዱስ ቂርቆስን ሥዕል እንውሰድ። ሕፃኑ እና እናቱ ኢየሉጣ በሚፈላ ጋን ውስጥ ቆመዋል፤ ከሥር እሳት ይነድዳል፤ ከላይ ቅዱስ ገብርኤል ክንፉን ዘርግቶ የውኃውን ትኩሳት ያበርዳል። ሐምሌ 19 የሚከበረው ይህ ተአምር ነው፤ ቂርቆስ በሰማዕትነት ያረፈበት ደግሞ ጥር 15 ይታሰባል። በቀድሞው ልማድ ሥዕሉን ያሠራው ሰው ራሱ ከሸራው ግርጌ፣ በግንባሩ ተደፍቶ ወይም እጁን ዘርግቶ፣ ከቅዱሳኑ እጅግ አንሶ ይሣላል፤ ከአጠገቡ በጥቁር ወይም በቀይ ቀለም ስሙና ተማኅፅኖው ይጻፋል። ተስሎ ስለቱ የሰመረለት ሰው ሥዕል አሥሎ ያስገባል። በእንዲህ ያለ ሸራ ላይ ሥዕሉ በንጉሡ ሠ፣ ስእለቱ በእሳቱ ሰ ተለይተው መጻፋቸው ለአንባቢው ይጠቅመዋል፤ የትኛው ሥራው፣ የትኛው ምክንያቱ እንደሆነ ያውቃል።

በደጀ ሰላሙ ዙሪያ ጧፍና ጃንጥላ ከሚሸጡት አጠገብ የሚዘረጋው ትንሹ የወረቀት ሥዕል «ሥዕለ አድኅኖ» ይባላል። አድኅኖ ውስጥ ያለው ብዙኃኑ ኀ ነው፤ ሥሩ ድኅነ፣ ዳነ ነው። ከዚሁ ሥር ድኅነት ወጣ፣ መዳን ማለት ነው። በሃሌታው ሀ ድህነት ተብሎ ሲጻፍ ግን ማጣት ነው፤ ድሀ ከሚለው የመጣ። በዚህኛው ጥንድ ጆሮ ይረዳል፤ የማጣቱ ድህነት «ነ»ን ጠብቆ ይነገራል፣ የመዳኑ ድኅነት ላልቶ። ይሁን እንጂ ማንበብ የሚጀምረው በዐይን ነው። ሰባኪ ስለ ድኅነት የጻፈው ጽሑፍ በሌላ ሀ ሲታተም አንባቢው አንድ መስመር ሄዶ ይመለሳል።

እነዚህ ልዩነቶች የደብተራ ፈጠራ እንዳልሆኑ ማስረጃው ጎረቤት አለ። ዐረብኛ «ሰአለ» ሲል ጠየቀ ማለቱ ነው፤ የመካከሉን ድምፅ ወደ ጉሮሮ አውርዶ «ሰዐለ» ሲል ሳለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ ማለቱ ነው። ሁለቱ ቃላት በዐረብኛ ዛሬም በአፍ ይለያሉ፤ ግእዝም በአንድ ወቅት እንዲሁ ይለያቸው ነበር። ዓመት እና አመትም እንዲሁ ናቸው። በዐይኑ ዓ የተጻፈው አሥራ ሦስት ወር ነው፤ በአልፋው አ የተጻፈው በግእዝ የሴት አገልጋይ ነው። የዐረብኛው የዓመት ስም በጉሮሮው ድምፅ፣ የገረድ ስሙ በአልፋው ይጀምራል። ትግርኛ ተናጋሪ ዓመት ሲል ያ የጉሮሮ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። ይህ ማለት በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዒዛና ዘመን አናባቢ እየተጨመረለት በድንጋይ የተቀረጸው ፊደል ትርፍ ምልክት አልነበረውም፤ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ድምፅ ይዞ ነበር። ድምፁ ሲለወጥ ፊደሉ ባለበት ቆመ።

በእንግሊዝኛም የሆነው ይኸው ነው። ሌሊት ማለት የሆነው «ናይት» እና ፈረሰኛ ባለማዕረግ ማለት የሆነው «ናይት» ዛሬ አንድ ዓይነት ይነገራሉ፤ ሁለተኛው ግን ፊቱ ላይ የማይነበብ «ኬ» ይዞ ይጻፋል። «ኬ»ው ድሮ ይነበብ ነበር። የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር የሚጠራበት «ፕሪንሲፓል» እና መርሕ ማለት የሆነው «ፕሪንሲፕል»ም መጨረሻቸው ላይ ብቻ ይለያያሉ፤ እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎች ራሳቸው እያምታቱ ይጽፏቸዋል። ዕብራውያንም ሁለት የ«ሰ» ፊደላት አሏቸው፤ ድምፃቸው አንድ ሆኗል፤ ሁለቱንም ግን ይጽፋሉ።

ሩሲያ ተቃራኒውን መንገድ መርጣለች። ከአብዮቱ በኋላ በ1918 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው የፊደል ማሻሻያ ሞክሼ የሆኑ ፊደላትን ሰረዘ። ቀድሞ ሰላም ማለት የሆነው «ሚር» በአንድ «ኢ»፣ ዓለም ማለት የሆነው «ሚር» በሌላ «ኢ» ይጻፉ ነበር። ከማሻሻያው በኋላ አንድ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ የቶልስቶይ ታላቅ ልቦለድ ርእስ «ጦርነት እና ዓለም» ማለት ነው የሚል ወሬ በሰፊው ተወራ። ይህን ወሬ ሐሰት የሚያደርገው የድሮው አጻጻፍ ነው፤ ደራሲው በሕይወት ሳለ የታተመው መጽሐፍ ርእስ በሰላም «ኢ» ተጽፏል። አሮጌው ፊደል ባይኖር ክርክሩን የሚዳኝ ባልነበረ።

በእኛም አገር ክርክሩ የቆየ ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ሲያዘጋጁት ኖረው፣ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ ከፍጻሜ አድርሰው በ1948 ዓ.ም. የታተመው ትልቁ የግእዝ መዝገበ ቃላት ለሞክሼዎቹ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቦታ ይሰጣል። ሠዐለ በአንድ ገጽ፣ ሰአለ በሌላ ራቅ ያለ ገጽ ይፈለጋል። ደስታ ተክለ ወልድ ራሳቸው በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙት የአማርኛ መዝገበ ቃላት «ዐዲስ» የሚለውን ቃል ከሽፋኑ ጀምሮ በዐይኑ ዐ ይጽፈዋል፤ የግእዙ ሐዲስ በአማርኛ የጉሮሮ ድምፁን ጥሎ ያለፈበትን መንገድ የሚያሳይ አጻጻፍ ነው። አዲስ አበባ ግን ስሟን በአልፋው አ መጻፍ ለምዳለች።

በሌላው ወገን የቆሙት ቀላል ሰዎች አይደሉም። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ የፊደል ማሻሻያን አጥብቀው ይደግፉ ነበር። የዚህ ወገን ክርክር እንዲህ ነው፤ ሰው የሚናገረው አማርኛ ነው፤ የአማርኛ ድምፅ ደግሞ አንድ «ሰ»፣ አንድ «ጸ» ብቻ አለው። አንድ ሕፃን የማይሰማውን ልዩነት በቃሉ እንዲያጠና ማስገደድ ሸክም ነው። ይህ ክርክር ክብደት አለው፤ በተለይ የትውልድ ቋንቋቸው አማርኛ ላልሆነ ተማሪዎች።

ክብደቱን ተቀብሎም አንድ ነገር መናገር ይቻላል። ሞክሼ ፊደል ትርጉም የሚለውጥባቸው ቃላት ብዙ አይደሉም፤ አንድ ተማሪ በአንድ ወሰነ ትምህርት ሊያጠናቸው ይችላል። «ሥራ»ን በእሳቱ ስ የጻፈ ሰው ማንንም አያሳስትም፤ ሊቀጣም አይገባውም። ጉዳት የሚመጣው በጥቂቶቹ ላይ ነው፣ ከእነዚህም መካከል በሰው ስም ላይ። ሠረቀ ብርሃን ብርሃን ወጣ ማለት ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ግእዝ ሠረቀት ይላል። ሰረቀ ብርሃን ብሎ የሚመዘግብ ጸሐፊ ግን ሰውየውን ብርሃን የሰረቀ አድርጎታል። ምሕረት በሐመሩ ሐ ይቅርታ ናት፤ በሃሌታው ሀ ሲጻፍ ስሟ ትምህርት ወደሚወጣበት ወደ መሀረ ያዘነብላል። ወላጅ ለልጁ ስም ሲያወጣ ትርጉሙን አስቦ ነው። ያን ትርጉም ጠብቆ መጻፍ የመዝጋቢው ግዴታ ነው።

ሥር የሌላቸው ቃላት ሌላ ጉዳይ ናቸው። ካዛንቺስ የሚለው ስም ጣሊያኖች በያዙበት ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ከሚሠራው ተቋም ነው የመጣው፤ «ካዜ» ቤቶች ሲሆን «ኢንቺስ» የተቋሙ ምኅፃረ ስም ነው። ሰፈሩ በታፔላም በጽሑፍም አንዳንዴ ካዛንቺስ፣ አንዳንዴ ካሳንቺስ ይባላል። ለጣሊያንኛው የሚቀርበው በዘ ያለው ነው፤ በሳ ያለው ደግሞ አማርኛ «ካሳ»ን ስለሚያውቅ ወደ እሱ የተሳበ ይመስላል። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ብዙ የሰፈሩ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪው ወደ ሌላ የከተማ ክፍል ሲዛወር ካሳ የሚለው ቃል በየቤቱ ስለ ሌላ ነገር ሲነገር ነበር። በንጉሡ ሣ ግን ካዛንቺስን የሚጽፍ የለም። ከውጭ ለመጣ ቃል እሳቱ ሰ ይበቃል፤ ሲኒማ፣ ሳሙና፣ አውቶቡስ ሁሉ በእሱ ይጻፋሉ፤ ይህን ማንም ሳያስተምረው ሁሉ ያውቀዋል።

እስካሁን የተነገረው ዐይን የሚያየውንና ጆሮ የማይሰማውን ልዩነት ይመለከታል። ፊደላችን የተገላቢጦሹም ችግር አለበት፤ ጆሮ የሚሰማውን ዐይን አያይም። ይህኛው በየዕለቱ አንባቢን የሚያደናቅፍ ነው፤ የሚነሣው ግን ከሞክሼው ክርክር ባነሰ መጠን ነው። «ዋና» ላልቶ ሲነበብ ውኃ ውስጥ የሚደረገው ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ቀዳሚው፣ ትልቁ ነው። ከእስጢፋኖስ ብዙም የማይርቀውን ጊዮን ሆቴልን የሚያውቅ ሁሉ የዋና ገንዳውን ያውቃል። ገንዳ ባለበት ሆቴል በር ላይ «ዋና መግቢያ» ተብሎ ቢጻፍ ሁለት ዓይነት እንግዳ በዚያ በር ይገባል። «ሰፊ» ጠብቆ ጠባብ ያልሆነው ነው፤ ላልቶ ልብስ የሚሰፋው ነው። «ገና» ጠብቆ የታኅሣሥ መጨረሻ በዓል ነው፤ ላልቶ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። «መምህሩ አለ» ተብሎ የተጻፈ መልእክት መምህሩ መኖሩን ይሁን መናገሩን፣ ቀጣዩ መስመር እስኪነበብ አይታወቅም።

ሐዲስ ዓለማየሁ ለዚህ መፍትሔ ሞክረው ነበር። በ1958 ዓ.ም. በወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ አድርገዋል። የዚያን ዘመን ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ በእርሳስ ፊደል ላይ ያን ነጥብ ገጽ በገጽ ማስቀመጥ ምን ያህል እንዳደከመው መገመት አያዳግትም። አንባቢው ግን ነጥቡን ተከትሎ ቃሉን በትክክል ያነብባል፤ ለልጅ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ይህን ውለታ ያውቃል። ልማዱ አልተስፋፋም። የግእዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒውተር ፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ ሲገባ ማጥበቂያ ምልክቱ አልነበረም፤ በ2005 እ.ኤ.አ. ተጨመረ። አሁን ምልክቱ በስልክና በኮምፒውተር ውስጥ አለ፤ ለመዝገበ ቃላት፣ ለልጆች መጽሐፍ እና አማርኛ ለሚማሩ ሰዎች መጽሐፍ ዛሬውኑ ሊውል ይችላል። ጋዜጣ በሙሉ ነጥብ ይደረግበት ማለት አይደለም። ዐረብ አናባቢ ምልክቱን ለቅዱስ መጽሐፉና ለተማሪው እንደሚጠቀም፣ እኛም ማጥበቂያውን ለሚያምታታው ቃል ልንጠቀምበት እንችላለን።

በኮምፒውተር ዓለም ግን ሞክሼዎቹ ሳይታወቅ እየተሰረዙ ነው። ዩኒኮድ ለሠ እና ለሰ የተለያየ ቁጥር ሰጥቷል፤ ለመሣሪያው ሁለቱ ጨርሶ የማይዛመዱ ፊደላት ናቸው። ስለዚህ «ሰአሊ» ብሎ የፈለገ ሰው «ሠዓሊ» የሚል ጽሑፍ ላያገኝ ይችላል። ችግሩን ለማቃለል የአማርኛ ጽሑፍ የሚያቀናብሩ ባለሙያዎች ሥራቸውን ከመጀመራቸው በፊት ሠን ወደ ሰ፣ ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚለውጥ ደረጃ ያስገባሉ። ለፍለጋ ይህ ትክክለኛ ሥራ ነው። ስሕተቱ የሚመጣው የተለወጠው ጽሑፍ በመጀመሪያው ፋንታ ሲቀመጥ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ሥራ የሠዓሊው ይሁን የለማኙ፣ ስሙ ብርሃን የወጣለት ይሁን የሰረቀ፣ ከመዝገቡ ተነሥቶ ማወቅ አይቻልም።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። መዝገቡ ባለቤቱ የጻፈውን እንዳለ ይይዛል፤ ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል፣ ሞክሼው የተዋሐደ ሌላ ቅጂ ይኖራል። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ስሙን በእሳቱ ሰ ቢፈልገውም ሠረቀ ብርሃን ይገኛል፤ መታወቂያው ሲታተም ግን በንጉሡ ሠ ይወጣል።